እታለም ታነብበት የነበረው ቋንቋ

መምህሩ መጀመሪያ ወደ ቢሮዬ የመጣ ቀን ፍላሹን በክር አስሮ እንደ ማተብ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ነበር። እኔ ያን ጊዜ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ለመድኃኒት ቤቶችና ለማክሰኝት የእህል ነጋዴዎች የኮምፒውተር ፕሮግራም እየሠራሁ ነበር የምኖረው። ደረጃው ጠማማ ነው። በትሩ ከታች ጀምሮ ሲያንኳኳ ሰምቼ ልደግፈው ብወጣ፣ አንዴ በራሱ ከወጣው ሁለተኛ እንደማይጠፋው ነግሮ መለሰኝ።

ከተቀመጠ በኋላ ማንነቱን ነገረኝ። የአዲ አርቃይ ሰው ነው። ዓይኑን ያጣው በልጅነቱ በኩፍኝ ነው። በየአገሩ እንዳሉ ብዙ ዓይነ ስውር ልጆች የቤተ ክህነት ትምህርት ገብቶ ዜማና ቅኔ በጆሮው ብቻ ተማረ። ኋላ ወደ አስኳላ ዞረ፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ሆነ። ተማሪዎቹ ድርሰታቸውን በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር እየተየቡ በፍላሽ ይሰጡታል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ኮምፒውተሩ እንግሊዝኛ ያነብለታል፤ አማርኛ ሲያይ ግን ዝም ይላል። የልጆቹን ድርሰት ለመስማት ሁልጊዜ ሰው መለመን ነበረበት።

"ሰው ሲያነብልኝ ደግሞ ያርምልኛል" አለ። "ስሕተቱን እየዘለለ ነው የሚያነብልኝ። እኔ መስማት የምፈልገው ስሕተቱን ነው።"

በዚህ ንግግሩ ሰውየውንም ሥራውንም ወደድኋቸው። በዕድሜ ብዙ አንበላለጥም ነበርና ሳንውል ሳናድር አንተ ተባባልን።

ስለምሠራበት ቋንቋ ትንሽ መናገር አለብኝ። ኮምፒውተርን የሚያዝዙት ለእሱ በተፈጠረ ቋንቋ ነው። እንዲህ ያሉ ቋንቋዎች ብዙ ናቸው፤ እኔ በደንብ የማውቀው ግን አንዱን ነበር። ኮሌጅ የተማርሁት እሱን ነው፤ ኑሮዬም በእሱ ነበር። የሠራው አንድ የባሕር ማዶ ኩባንያ ነው። ቋንቋው ብቻውን አይሄድም፤ ከሥሩ ኩባንያው ራሱ የሚያቀርበው ሌላ ሶፍትዌር አለ፤ ፕላትፎርም ይሉታል። የምትጽፈው ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። እሱ ከሌለ የጻፍኸው ተራ ጽሑፍ ነው፤ ኮምፒውተሩ ምንም አያደርግበትም። ያን ጊዜ ግን እሱ ይጠፋል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። በከተማችን ካሉት ቢሮዎች የግማሹ ፕሮግራም በዚያ ቋንቋ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። ቋንቋው ሸጋ ነበር። ትእዛዙ አጭር ነው፤ አይጠማዘዝም። ከዓመት በፊት የጻፍሁትን ስከፍተው ያን ቀን ምን አስቤ እንደነበር መልሶ ይነግረኛል። ከዚያ ወዲህ በተማርኋቸው ቋንቋዎች እንዲህ ያለ ነገር አላገኘሁም።

ለመምህሩ ፕሮግራም ድምፅ ያስፈልገን ነበር። ከእታለም ሌላ ሰው አላሰብሁም። እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የአንደኛ ክፍል መምህርት ነበረች። ሀሁ ስታስቆጥር ብዙ ዘመን ከመኖሯ የተነሣ አንደበቷ ጥርት ያለ ነበር፤ ከጓዳ ሆና ስትናገር ሳሎን ላለ ሰው አንድ ቃል አይጠፋውም። ቀሐ አካባቢ፣ ወንዙ ዳር፣ ወላጆቻችን በተዉልን ቤት ሁለታችን እንኖር ነበር። ያሰብሁትን ስነግራት ሳቀች። ዕድሜ ልኳን ለሕፃናት ያለችውን አሁን ደግሞ ለማኪና ልትል መሆኑ አስገረማት። እሷ ሞተር ያለውንም የሌለውንም ማኪና ነበር የምትለው።

ቀረጻውን የጀመርነው በክረምት ነው፤ ትምህርት ቤቷ የሚዘጋው ያን ጊዜ ስለሆነ። ለቀረጻ ግን ከክረምት የከፋ ወቅት የለም። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ፣ በሩ ላይ የአባታችንን አሮጌ ጋቢ ሰቀልሁ። ዝናቡ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮኽ እናቆማለን፤ ሲያባራ ደግሞ ወንዙ ይሞላና እሱ ይጮኻል። አንድ ጊዜ እንዲያውም እታለም ልክ "ጰ" ስትል የጎረቤት አህያ አናፋና ሳቋን መግታት አቅቷት ከሰዓቱ በሙሉ በከንቱ አለፈ። እያንዳንዱን ፊደል አንዴ አላልታ፣ አንዴ አጥብቃ ትለዋለች። ማጥበቅና ማላላት በጽሑፋችን ስለማይታይ ሁለቱም ያስፈልጉን ነበር። የማልወደው ሲሆንብኝ ይደገም ከማለቴ በፊት እሷው "እንደገና" ትላለች። ተማሪው እኔ እንጂ እሷ አልነበረችም።

ፊደሎቹን ቀድተን ስንጨርስ እነሱን አያይዞ ቃል ማድረግ ሌላ ጣጣ ሆነ። ዝም ብለህ ተራ በተራ ስታሰማቸው የሚንተባተብ ሰው ይሆናሉ። ያን ጊዜ የቋንቋችን ሰዎች በኢንተርኔት የሚገናኙበት የውይይት ገጽ ነበረን፤ ፎረም እንለዋለን። ከየአገሩ ሰው አለበት። ከመካከላቸው አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ጥያቄዬን አይቶ መለሰልኝ። በአንድ ብርዳም አገር የጀልባዎችን መነሻና መድረሻ ሰዓት የሚያሳይ ፕሮግራም ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። አማርኛ ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። ነገር ግን ፕላትፎርሙ ውስጥ ድምፅን ከድምፅ አለዝቦ የሚያያይዝ ክፍል እንዳለና እንዴት እንደሚታዘዝ ከነምሳሌው ጻፈልኝ። እንዳለኝ ባደርግ እታለም ተናገረች። መጀመሪያ ያስነበብኋት "ወንዝ" የሚለውን ቃል ነበር፤ በመስኮት የሚታየኝ እሱ ስለነበር።

መምህሩ የመጀመሪያውን ድርሰት የሰማው እዚያው ቢሮዬ ነው። ልጁ ስለ አጎቱ ነበር የጻፈው፤ አጎቱ ጧት ጧት ተነሥቶ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚበላ። ፕሮግራሙ "ይበላል" የሚለውን አጥብቆ ስላነበበው አጎትዬው በላተኛ መሆኑ ቀርቶ በየማለዳው ራሱ የሚበላ ምግብ ሆነ። መምህሩ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ሳቀ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ሌላ አንድ ጊዜ እንዲነበብለት ጠየቀኝ። ሦስተኛም አስነበበ። ልጁ የት ላይ አራት ነጥብ እንደረሳ ሰማ፤ የት ላይ አንድ ቃል ደጋግሞ እንደጻፈ ሰማ። ሰው ሳይለምን የሰማው የመጀመሪያው የተማሪ ድርሰት መሆኑን ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሚጠብቀውንና የሚላላውን ቃል እየለየን ፕሮግራሙን አስተማርነው። እሱ ያገኘውን ስሕተት ይነግረኛል፤ እኔ አስገባለሁ። በሌሎች ትምህርት ቤቶች ያሉ ዓይነ ስውራን ተማሪዎችም እየመጡ ወሰዱ። እታለም አንድ ቀን ቢሮዬ መጥታ ራሷን ስታነብ ሰማች። ጽሑፉ የአንድ ጎረምሳ ድርሰት ነበርና ውስጡ ባለጌ ቃል ነበረበት። እጇን አፏ ላይ ጭና፣ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ እንደማያውቅ ለመምህሩ ማለች። መምህሩም እንደሚያምናት አረጋገጠላት። እነዚያ ጥሩ ዓመታት ነበሩ። ጥሩ መሆናቸውን ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

ፎረሙ ላይ አንድ የማይበርድ ክርክር ነበር፤ የቋንቋችን የወደፊት ዕጣ ምንድን ነው የሚል። እኔ ስገባ የነበረ ክርክር ነው። አንዱ ይነሣና ወጣቶቹ ወደ ሌላ ቋንቋ እየሄዱ ነው፣ አብቅቶልናል ይላል። ሌላው፣ ባንኩም ሆስፒታሉም በእሱ እየሠራ እንዴት ይሞታል ብሎ ይመልስለታል። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነበርሁ። የጀልባው ሽማግሌ ከሁለቱም አልነበረም፤ ጥያቄ ያለው ካለ ይመልሳል እንጂ ወደዚያ ክርክር አይገባም ነበር።

ኋላ ኩባንያው ለሌላ ኩባንያ መሸጡ ተሰማ። አዲሱ ባለቤት መጀመሪያ ምንም አላለም። ቀጥሎ አዲስ ዕትም እንደማይወጣ አስታወቀ። ቀጥሎም ለነበረው የሚሰጠው ድጋፍ የሚያበቃበትን ጊዜ ነገረን። የፎረሙ ሰዎች ተሰባስበን፣ ከእንግዲህ የማትፈልጉት ከሆነ ልቀቁልን፣ እኛው እናድሰዋለን፣ እኛው እንጠብቀዋለን ብለን ጻፍንላቸው። መልስ የሚሰጥ ጠፋ። የሚጨቃጨቀውም ሰው ቀስ በቀስ እየቀነሰ መጣ። ሰው ሲያልቅ ክርክርም አብሮ ያልቃል፤ ከክርክሩ ይልቅ የከፋው ዝምታው ነበር።

እታለም የታመመችው ያን ሰሞን ነው። ኩላሊቷ ነበር። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ከጎኗ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ አይታ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። ስለ ኩባንያው ነገርኋት። በዚያ ሁሉ ሥቃይ ውስጥ ሆና የምሠራውን ነገር ለመረዳት ትጥር ነበር።

"ቋንቋው ሲዘጋ እኔም ዲዳ ልሆን ነው?" አለች።

አትሆኝም አልኋት። የተጫነው ተጭኗል፤ ያለው ይሠራል አልኋት።

"ታዲያ ምነው ፊትህ ጠቆረ?"

የጠቆረው ስለ ቋንቋው አልነበረም። ሐኪሙ ጧት የነገረኝን ነበር የያዝሁት። እሷም ሳታውቀው አልቀረችም። ከፋሲካ በፊት አረፈች።

ለቅሶው ላይ መምህሩ በትሩን ይዞ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሰዎች ከአጠገቤ ቦታ ለቀቁለት። እግዜር ያጥናህ አለኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረ።

"መርዶውን ሳልሰማ ዛሬ ጧት ኮምፒውተሬን ከፍቼ ነበር። ስታነብልኝ ነው ያረፈደችው። ከዚያ ሰው ደውሎ ነገረኝ። አሁን ልክፈተው ወይስ ልተወው? እንደሱ ማድረግ ደግ ይሁን አይሁን አላውቅም።"

"ክፈተው" አልሁት። "ታንብብልህ።"

እኔ ራሴ ግን መክፈት አልቻልሁም። ፕሮግራሙ ቢሮዬ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ ስሙን ሳየው ዓይኔን ወደ ሌላ እመልሳለሁ። መምህሩ ጧት ጧት እየሰማት መሆኑ ይበቃኝ ነበር። እኔ የማልደፍረውን እሱ እየሠራልኝ ነው ብዬ አስብ ነበር።

በክልላችን ኢንተርኔት የተዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ለብዙ ወራት ተዘጋ። ሰው በሌላ ነገር ተጨንቆ ስለነበር የፎረሙን ነገር ማንሣት ያሳፍር ነበር። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። የተኩስ ድምፅ በሰማንበት ቀን ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል። በዚያ ሁሉ መካከል የመምህሩ ፕሮግራም ኢንተርኔት ስለማይፈልግ መሥራቱን ቀጠለ። ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ ድርሰት ይሰማል፤ በተዘጋ ጊዜ በፍላሽ ያከማቸውን መጻሕፍት ይሰማል። ያን ወራት ያለ እሷ እንዴት ይገፋው እንደነበር እንደማያውቅ ነግሮኛል።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል ተመለሰና የመምህሩን ኮምፒውተር አቃጠለው። እኔ አልደነገጥሁም። ሌላ ላፕቶፕ አገኘንና ፕላትፎርሙን ካስቀመጥሁበት ሲዲ ጫንሁት። ጭኖ ሲያበቃ አንዲት ትንሽ መስኮት ከፍቶ ፈቃድ እየጠየቅሁ ነው አለኝ። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን፣ ከዚያም በየጥቂት ዓመቱ፣ ከኩባንያው ዘንድ በኢንተርኔት ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ እንደዚያ አድርገው ነው የሠሩት። ደጉ ዘመን ላይ ይህ ከዓይን ጥቅሻ የማይረዝም ነገር ስለነበር ልብ ብለነው አናውቅም። ኢንተርኔት እስኪመለስ ጠብቀን እንቀጥላለን አልሁት መምህሩን።

ኢንተርኔቱ ተመለሰ። መስኮቲቱ ፈቃድ መጠየቋን ቀጠለች። የሚመልስ ግን አልነበረም። ፈቃድ ይሰጥ የነበረው የኩባንያው ኮምፒውተር እኛ ተዘግተን ሳለን ጠፍቷል። ምክር ልጠይቅ ፎረሙን ስከፍት እሱም የለም። ገጹ ነጭ ነው። የዚያ ሁሉ ሰው ጥያቄና መልስ፣ የሽማግሌው ምሳሌዎች፣ ዕጣችን ምንድን ነው እያልን የተጨቃጨቅነው ሁሉ፣ በሙሉ ጠፍቷል። የመዝጊያውን መልእክት እንኳ አላነበብሁም፤ ስንብቱ የተባለው እኛ በሌለንበት ነው። ለሽማግሌው በኢሜይል ጻፍሁለት። እስካሁን አልመለሰም፤ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም።

ለመምህሩ ቤቱ ሄጄ ነገርሁት። ረጋ ብሎ ሰማኝ።

"ግእዝም ሞተ ይሉታል" አለ ሊያጽናናኝ። "እኔ ግን ዛሬ ጧት ጸልዬበታለሁ።"

"ግእዝ የሚፈልገው አፍና ጆሮ ነው" አልሁት። "ይኸኛው የባለቤት ፈቃድ ይፈልጋል። ባለቤቱ ደግሞ በሩን ዘግቶ ሄዷል። እኔ ቋንቋውን አልረሳሁትም፤ አሁን ብትቀሰቅሰኝ ልጽፍልህ እችላለሁ። የሚሰማኝ ግን የለም።"

 ተነሥቶ ሻይ አፍልቶ አቀረበልኝ።

የራሴ የቢሮ ኮምፒውተር በዚያ መካከል ተበላሽቶ ስለነበር የቀረን ተስፋ አሮጌ ደንበኞቼ ነበሩ። ፕላትፎርሙ ቀድሞ ተፈቅዶ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ከተገኘ የእታለም ፕሮግራም በዚያ ላይ ሊሠራ ይችላል። ለብዙዎቹ ደወልሁ፤ ሁሉም ቀይረዋል። በመጨረሻ አንድ የማክሰኝት እህል ነጋዴ አሮጌው ኮምፒውተር መጋዘን ውስጥ እንዳለ ነገረኝ። መንገዱ ክፍት በሆነ አንድ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን ነበር፣ ከመምህሩ ጋር በሚኒባስ ሄድን። ብቻዬን እንድሄድ ብለምነውም እምቢ አለ።

ነጋዴው ኮምፒውተሩን ከጤፍ ጆንያዎች ኋላ ጎትቶ አወጣልን። አቧራውን አራግፌ ሰካሁት። ተነሣ። ቀኑ ግን የዛሬ አልነበረም፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስላለቀች ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ከብዙ ዓመት በፊት ላይ ቆሟል። ፍላሹን ሰክቼ ፕሮግራሙን ከፈትሁ፤ ተከፈተ። ለምን እንደተከፈተ ወዲያው ገባኝ። ፕላትፎርሙ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ገና ሩቅ መስሎታል። የተሸጠውንም፣ የተዘጋውንም፣ የሞተውንም አያውቅም።

መምህሩ ከኪሱ ሌላ ፍላሽ አወጣ። የአንድ ተማሪ ድርሰት ነበር፤ ስለ ጥምቀት የተጻፈ። እታለም ማንበብ ጀመረች። ከሞተች ወዲህ ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ጆንያ የሚሸከሙት ሰዎች ቆመው አዩን፤ ነጋዴው ምን እንደሆነ ስላልገባው ማነች እያለ ይጠይቀኝ ነበር።  መምህሩ እጁን ዘርግቶ ትከሻዬን ፈልጎ ያዘኝ። ድርሰቱ አልቆ ዝም ስትል፣ ልጁ ደህና ጽፏል፣ ብቻ መጨረሻው ላይ ቸኮለ አለ።

ነጋዴው ኮምፒውተሩን ውሰዱት አለን። ቀኑ እንዳይታረምበት ብዬ ከኢንተርኔት ጋር እንዳይገናኝ አድርጌ መምህሩ ቤት አስቀመጥሁት። ለጥቂት ጊዜ ሠራ። መምህሩ ጧት ጧት ይሰማት እንደነበረው ተመልሶ ከእሷ ጋር ሆነ፤ ፊቱም ፈካ። እኔም አንዳንድ ቀን እየሄድሁ አብሬው እሰማ ነበር። ያን ሰሞን እንደገና መኖር የጀመርሁ መስሎኝ ነበር። ሆኖም መረጃው የሚቀመጥበት ዲስክ በመጋዘኑ አቧራ ታሞ ነበር። እየቆየ ይንቋቋ ጀመር። አንድ ጧት መምህሩ ደውሎ፣ እያነበበች ሳለ ቃል መሐል ላይ ዝም እንዳለች ነገረኝ። ሄጄ ብሞክር ብሞክር አልተነሣም። አዲስ ዲስክ ባስገባለት ፕላትፎርሙ እንደገና ሊጫን ነው፤ እንደገና ከተጫነ ደግሞ ፈቃድ ሊጠይቅ ነው።

በአዲስ ቋንቋ እንደገና ልጽፈው ሞከርሁ። የቀዳናቸው ፊደሎች ነበሩኝ። የሚያያይዛቸው ክፍል ግን የኩባንያው ስለነበር፣ ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ከሠሩት በቀር የሚያውቀው የለም። እኔ በራሴ ባያያዝኋቸው ቁጥር ይንተባተባሉ። እታለም በሕይወቷ ተንተባትባ አታውቅም። ወራት ሠርቼበት አንድ ቀን ተውሁት።

መምህሩ አሁን በስልኩ ላይ አማርኛ የሚያነብ ነገር አለው። መጀመሪያ ሊነግረኝ ፈርቶ ነበር። ቅር እንዳይለኝ ብሎ ስለ ሌላ ስለ ሌላው ካወራ በኋላ ነው ያሰማኝ። የማላውቃት ሴት ድምፅ ነው፤ ሰውም ላይሆን ይችላል። በደንብ ያነባል። የሚጠብቀውን ያጠብቃል፣ የሚላላውን ያላላል፤ እኛ በዓመታት ያስተማርነውን ሁሉ ሳይነገረው ያውቀዋል። ሸጋ ነው አልሁት፤ ሸጋም ነው። ግን የሚያነበው እዚህ ሆኖ አይደለም። ጽሑፉ በኔትወርክ ሩቅ አገር ሄዶ ድምፅ ሆኖ ነው የሚመለሰው። ኔትወርክ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። እዚህ ኔትወርክ እንዴት እንደሆነ የምናውቀው እኛ ነን። በመጨረሻ መምህሩ ድርሰት ማስተማሩን ለሌላ ሰው እንዲሰጡለት ጠይቆ ተፈቀደለት። አሁን ልጆቹን በቃላቸው ያስጠናቸዋል፤ ጽሑፋቸውን አይሰማም። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ መልሶ መላልሶ መልመድና መነጠቅ ደከመኝ አለኝ።

የእታለም ሦስተኛ ሙት ዓመት ሲታሰብ ዘመድ ቤታችን ተሰበሰበ። ከገጠር የመጣችው አክስታችን፣ የልጄ ድምፅ በማኪና ውስጥ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ አሰማኝ አለችኝ። የለም ማለት አልሆነልኝም። ያለኝን የፊደሎቹን ቀረጻ ከፈትሁላት። እታለም ሀ ብላ ጀመረች። ሁ፣ ሂ፣ ሃ። በየፊደሉ መካከል እስትንፋሷ ይሰማል፤ ከኋላዋ የወንዙ ድምፅ አለ። አክስቴ ቃል ትጠብቅ ነበር፤ ስሟን ትጠራላት ዘንድ፣ ወይም ደህና ናችሁ ትል ዘንድ። ለ ላይ ሲደርስ፣ "ሌላ ነገር አትልም?" አለች።

"አትልም" አልኋት።

ዝጋው አለችኝና በነጠላዋ ተሸፈነች። ዘጋሁት። ጸበል ጻድቁ ቀረበ፣ ሰው በላ ጠጣ፣ አመስግኖ ተበተነ።

እኔ አሁንም ፕሮግራም እጽፋለሁ፤ ሌላ ሙያ የለኝም። በአዲሱ ቋንቋ ነው የምጽፈው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ያሉበት ቋንቋ ነው። በእሱም ፎረም ላይ የወደፊት ዕጣችን ምንድን ነው የሚል ክርክር አለ። አላነበውም። ኮሌጅ ሄጄም አስተምረዋለሁ፤ ቦርዱ ላይ ትእዛዙን ስጽፍ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ደህና ነገር ይሠሩበት ይሆናል። አንዱ የሚወደውን ሰው ድምፅ ያስገባበት ይሆናል። ያን እንዳያደርግ ልነግረው እፈልጋለሁ፤ ግን ምን ብዬ እንደምጀምር ስለማላውቅ ትምህርቱን ጨርሼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።